አንድ አሳይመንት፣ አንድ ጥያቄ፦ የፎቶግራፍ ክፍሌ የሥራ ማስታወሻ

ከመጀመራችን በፊት

የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ፎቶግራፍ አስተምራለሁ። ዕቃችን ብዙ አይደለም። ሌንሳቸው የሚቀያየር ጥቂት ካሜራዎች አሉን፤ የቀረው የተማሪዎቹ ስልክ ነው። ይበቃል። ዘንድሮ የምሞክረው ነገር ከዕቃ ጋር አይገናኝም። የሂስ ሰዓታችንን መልክ ማስያዝ ነው የፈለግሁት።

ፎቶ ተለጥፎ «እስቲ ምን ትላላችሁ?» ሲባል ምን እንደሚከተል ያስተማረ ሁሉ ያውቀዋል። «አሪፍ ነው።» «ቀለሙ ደስ ይላል።» ከዚያ ዝም ጭጭ። የባሰ ቀን ደግሞ ጓደኛ ጓደኛውን ያሞግሳል፣ የተኳረፈ የተኳረፈውን ያብጠለጥላል። ፎቶውን የሚያይ የለም።

ስለዚህ አሠራሩ እንዲህ ይሆናል። እያንዳንዱ አሳይመንት ሲሰጥ አንድ ጥያቄ አብሮት ሰሌዳ ላይ ይጻፋል። ፎቶዎቹ በፖስታ ካርድ መጠን ታትመው ያለ ስም ይለጠፋሉ። የመጀመሪያው ተናጋሪ ፍሬሙ ውስጥ ያለውን ብቻ ይዘረዝራል፤ ፍርድ አይሰጥም። ቀጥሎ ክፍሉ ለጥያቄው መልስ ይፈልጋል። ፎቶውን ያነሳው ልጅ ሦስት ሰው ተናግሮ እስኪጨርስ አፉን አይከፍትም። ይቺ የመጨረሻዋ ሳትከብዳቸው አትቀርም። «እኔ ለማለት የፈለግሁት እኮ…» ብሎ ያልጀመረ ተማሪ እስካሁን አላየሁም።

ሰኞ፦ ነጭ ወረቀትና ጥቁር ጨርቅ

ጥያቄ፦ ነጩ ነጭ ነው? ጥቁሩስ ጥቁር?

አሳይመንቱን ስናገር ሳቁ። ነጭ ወረቀት ፍሬሙን ሞልታችሁ አንሱ። ከዚያ ጥቁር ጨርቅ እንዲሁ። ካሜራው አውቶማቲክ ላይ ይሁን። ምንም ነገር እንዳትነኩ።

ህትመቶቹ ጎን ለጎን ሲለጠፉ ሳቁ ቆመ። ወረቀቱም ግራጫ፣ ጨርቁም ግራጫ። አንዳንዶቹ ላይ የቱ የቱ እንደሆነ ለመለየት የጨርቁን ክር መፈለግ ነበረብን። ጥቂት ስልኮች ብልጥ ሆነው ወረቀቱን ነጣ አድርገውታል፤ እነሱም ቢሆኑ ጨርቁ ላይ ተሸንፈዋል።

ነገሩ ወዲህ ነው። የካሜራው ብርሃን መለኪያ ከፊቱ ያለው ወረቀት ይሁን ጨርቅ አያውቅም። የሚደርሰው የብርሃን መጠን ብቻ ነው። ያንን ወደ መካከለኛ ግራጫ ሊያመጣው ይሞክራል፤ በተለምዶ ከሚያርፍበት ብርሃን 18 በመቶውን ወደሚመልሰው ግራጫ። ነጭ ሲያይ በዛ ብሎ ይቀንሳል። ጥቁር ሲያይ አነሰ ብሎ ይጨምራል።

በሁለተኛው ዙር ማካካሻውን፣ ማለትም ካሜራው የመረጠውን ብርሃን የምንጨምርበትን ወይም የምንቀንስበትን ቅንብር ተጠቀሙ። ለነጩ ወደ +1 እና ከዚያ በላይ፣ ለጥቁሩ ወደ −1 እና ከዚያ በታች። በስልክ ደግሞ ስክሪኑን ነክቶ መያዝ፣ ከጎን የምትመጣዋን የፀሐይ ምልክት ወደ ላይ ወይም ወደ ታች መጎተት ነው። አንዱ «ቲቸር፣ አውቶማቲክ ይዋሻል ማለት ነዋ!» አለኝ። «አይ፣ ይገምታል» አልኩት። ካሜራው ሲገምት ለመያዝ ነጭ ግድግዳ ፊት ቆሞ ጓደኛን ማንሳት በቂ ነው፤ ፊቱ ይጠቁራል።

ይህን አሳይመንት መጀመሪያ ያደረግሁት ለቴክኒኩ ብቻ አይደለም። ሂሱ መልስ አለው። ነጩ ወይ ነጭ ነው ወይ አይደለም። ስለ ጣዕም መከራከር የማይቻልበት ቦታ ላይ፣ ሁሌ ከኋላ የሚቀመጡት ዝምተኞች ቀድመው እጃቸውን አወጡ።

ረቡዕ፦ ክፍሉን ካሜራ አደረግነው

ዛሬ ሂስ የለም። ጥቁር ፕላስቲክና ቴፕ ይዘን መስኮቶቹን በሙሉ ሸፈንን። የብርሃን ስንጥቅ ማሳደዱ ብቻ ሰዓቱን ግማሽ በላው። ከዚያ ወደ ግቢው በሚያየው መስኮት ላይ ሁለት ሴንቲ ሜትር የሚሆን ክብ ቀዳዳ ተቆረጠ።

መጀመሪያ ምንም የለም። ዓይን ጨለማውን እስኪለምድ ትንሽ መታገሥ ይጠይቃል። ከዚያ ከቀዳዳው ትይዩ ያለው ግድግዳ ላይ ሰማዩ ከታች፣ ዛፎቹ ከላይ ተንጠልጥለው መጡ። ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ሰው በኮርኒሱ ጥግ ተገልብጦ ሲያልፍ ክፍሉ በጩኸት ተናወጠ። ከጎረቤት ክፍል ማንኳኳት መጣ።

ከዚህ በኋላ ማስተማሩ ቀለለ። ቀዳዳውን በካርቶን አጠበብነው፤ ምስሉ ጠራ፣ ግን ጨለመ። አሰፋነው፤ ደመቀ፣ ግን ሁሉም ነገር ተቀላቀለ። አንዷ ተማሪ ነጭ ካርቶን ይዛ ወደ ቀዳዳው ስትጠጋ ምስሉ እያነሰና እየደመቀ ሄደ። ይህን እኔ አላዘዝኳትም።

ከዚያ የንባብ መነጽሬን አወጣሁ። +1 ነው። አንዱን መስታወት ቀዳዳው ላይ አስጠግቼ ያዝኩና ካርቶኑ አንድ ሜትር ያህል እንዲርቅ አደረግሁ። የዛፎቹ ቅጠል ተለይቶ መጣ። ካርቶኑን ትንሽ ስታንቀሳቅሰው ወዲያው ይበላሻል። ፎከስ ምን ማለት እንደሆነ ከዚህ በላይ አላብራራሁም።

የአፐርቸር (ብርሃን የሚገባበት የሌንስ ቀዳዳ) ቁጥሮችንም እዚያው ጨለማ ውስጥ አሰላን። ቁጥሩ የሚገኘው የሌንሱ የፎካል ርዝመት (የሩቅ ነገር ምስል ከሌንሱ ምን ያህል ርቆ እንደሚጠራ) ለቀዳዳው ስፋት ሲካፈል ነው። መነጽሬ አንድ ሜትር፣ ማለትም 1000 ሚሊ ሜትር ነው። ቀዳዳው 20 ሚሊ ሜትር። ኤፍ 50 ላይ ተቀምጠናል ማለት ነው። ካሜራው ላይ ያሉት 2.8፣ 4፣ 5.6፣ 8፣ 11፣ 16 የሚባሉት ቁጥሮች ሲያድጉ ቀዳዳው ለምን እንደሚጠብ በየዓመቱ ስደጋግመው የምኖረው ነገር ነው። ዛሬ የጠየቀኝ የለም። እያንዳንዱ እርምጃ ብርሃኑን በግማሽ እንደሚቀንስ ብቻ ጨመርኩ።

እንዲህ ያለ ጨለማ ክፍል አዲስ ነገር አይደለም። የብርሃን ተመራማሪው ኢብን አል ሃይሠም በ11ኛው ክፍለ ዘመን አጥንቶታል። የጠፋው ምስሉን ይዞ የሚያስቀር ነገር ነበር። ፈረንሳዊው ኒዬፕስ ከመስኮቱ የሚታየውን ጣሪያና ግድግዳ ብረት ላይ ያስቀረው እ.ኤ.አ. በ1826 ወይም በ1827 ነው፤ ለዚያውም ብዙ ሰዓት አስጠብቆት። ይህን ስነግራቸው ከኋላ አንዱ «ስልኬ ቻርጅ ያልቅ ነበር» አለ።

ሰኞ፦ አንድ ወንበር

ጥያቄ፦ ፎቶ አንሺው ማየት የጀመረው የቱ ላይ ነው?

ሁሉም ያንኑ የክፍላችንን ፕላስቲክ ወንበር ያነሳል። 24 ፎቶ። ምንም ማጥፋት የለም። ሁሉም በተነሱበት ቅደም ተከተል በአንድ ገጽ ላይ በትንንሹ ታትመው ይቀርባሉ። በፊልም ዘመን ኮንታክት ሺት ይባል የነበረው ማለት ነው።

ተቃውሞው ብርቱ ነበር። ሰው ያማረለትን አንድ ፎቶ ማሳየት አይከብደውም፤ የተበላሸውን ሁሉ መለጠፍ ግን ገበናን አደባባይ ማውጣት ሆነባቸው። ያለ ስም መሆኑ አዳነን።

የአንዱ ገጽ ከፊቴ አይጠፋም። የመጀመሪያዎቹ አሥር ፎቶዎች አንድ ዓይነት ናቸው። ወንበሩ መሀል፣ ከቆመ ሰው ዓይን ቁመት፣ ከፊት። ከዚያ ትንሽ ወደ ግራ። ከዚያ ትንሽ ወደ ቀኝ። አሥራ አንደኛው ላይ ስልኩ ወለል ላይ ተቀምጧል። አሥራ አራተኛው ላይ ወንበሩ ራሱ የለም፤ የአራቱ እግሮች ጥላ ብቻ ወለሉ ላይ ተዘርግቷል። ከዚያ በኋላ ያሉት በሙሉ ጥላውን የሚያሳድዱ ናቸው። አንዱ ላይ የመቀመጫው ስንጥቅ በጥላው ውስጥ እንደ ቀጭን የብርሃን መስመር ይታያል።

ክፍሉ በአንድ ድምፅ አሥራ አራተኛውን መረጠ። አንዲት ልጅ ግን አልተስማማችም። «አሥራ አንደኛው ላይ ነው የጀመረው» አለች። «እዚያ ላይ ፎቶው አያምርም፤ ግን መቆሙ ሰልችቶት ተንበርክኳል።» ሰሌዳው ላይ ያለው ጥያቄ የጠየቀው ይህንኑ ነበር። ምርጡ የቱ ነው ብዬ ጠይቄ ቢሆን ይህ ንግግር አይመጣም ነበር።

ሌላ የታዘብኩት ነገር አለ። ብዙ ገጾች ላይ መሰልቸቱ የሚጀምረው አሥረኛው አካባቢ ነው። አሪፍ ነገር የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ስድስት ብቻ አንሱ ብል ኖሮ ሃያ ምናምን የአንድ ወንበር መታወቂያ ፎቶ ይዤ እቀመጥ ነበር።

ሐሙስ፦ የመስኮት ፊት

ጥያቄ፦ ብርሃኑ ከየት ነው የመጣው? በምን አወቃችሁ?

የጓደኛን ፊት በመስኮት ብርሃን ብቻ ማንሳት ነው። ፍላሽ የለም፣ የክፍሉ መብራት ይጠፋል። ሁለት ፎቶ፦ አንዱ መስኮቱ ሥር፣ አንዱ ከመስኮቱ ራቅ ብሎ።

ለጥያቄው መልስ የሚገኘው ዓይን ውስጥ ነው። ብሌኑ ላይ የምትታየዋን ብሩህ ነጥብ ጠጋ ብሎ ያየ ሰው የመስኮቱን ቅርጽ፣ አንዳንዴም ፍርግርጉን ያገኘዋል። የአፍንጫው ጥላ ወዴት እንደወደቀም ይናገራል። ልጆቹ ይህን ካወቁ በኋላ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የማስታወቂያ ፖስተር ሁሉ መመርመር ጀመሩ። «ይቺ ሁለት መብራት ነው ያላት።» ልክ ነበሩ።

መስኮቱ ሥር የተነሱት ላይ የጥላው ጠርዝ ለስላሳ ነው፤ ግን ከመስኮቱ የራቀው ጉንጭ ይጨልማል። ነጭ ካርቶን በዚያ በኩል ሲያዝ ጉንጩ ወዲያው ይመለሳል። ካርቶን የያዘችው ልጅ እጇ ሲዝል ካርቶኑ እየወረደ ሄዶ የተነሳው ፎቶ አለ፤ አገጩ በርቷል፣ ግንባሩ ጠፍቷል። ለማስረዳት ከእሱ የተሻለ አላገኘሁም።

ሂሱ ላይ ረጅሙ ክርክር በአንድ ፎቶ ላይ ነበር። ከጀርባ ያለው ሁሉ ብዥ ብሏል፣ ፊቱ ጥርት ያለ ነው። ሁሉም ወደደው። የመጀመሪያዋ ተናጋሪ ግን ግዴታዋ መዘርዘር ስለሆነ መዘርዘር ጀመረች። «ፊት አለ። ፀጉር አለ። በቀኝ ጆሮ ጉትቻ አለ። በግራ ጆሮ…» ቆመች። የግራው ጉትቻ ግማሹ የለም። የስልኩ ፖርትሬት ሞድ (ጀርባን ራሱ የሚያደበዝዘው ቅንብር) ጉትቻውን ከጀርባው ጋር ቆጥሮ አደብዝዞታል። ከጆሮው በላይ ያለው ፀጉርም በመቀስ የተቆረጠ ይመስላል። ያነሳው ልጅ ተራው ሲደርስ የተናገረው «እኔ ራሴ አላየሁትም» የሚል ብቻ ነበር።

ስለ አፍንጫም ተነሳ። ስልክ በክንድ ርቀት ሲያዝ አፍንጫ ይገዝፋል፣ ጆሮ ይሸሻል። ጥፋቱ የሌንሱ ይመስላል እንጂ የርቀቱ ነው። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ የሚያቀርበውን ሌንስ መጠቀም ወይም በኋላ ክሮፕ ማድረግ (ጠርዙን መቁረጥ) ይሻላል።

ከዚያ የሰኞው ግራጫ ተመልሶ መጣ። የቆዳ ቀለማቸው በጣም የሚለያይ ሁለት ጓደኛሞች አንድ ፍሬም ውስጥ ነበሩ። ካሜራው የአንዷን ፊት አስተካክሎ የሌላዋን አጨለመ። በፊልም ዘመን የኮዳክ ፎቶ አጣቢዎች ቀለም የሚያስተካክሉበት «ሸርሊ» የሚባል ካርድ እንደነበርና ካርዱ ላይ ለረጅም ጊዜ የምትታየው ነጭ ሴት ብቻ እንደነበረች ነገርኳቸው። የችግሩ አንድ ክፍል ካሜራው እጃችን ከመግባቱ በፊት የተወሰነ ነበር። መፍትሔው እኛ ጋ ቀላል ነው፤ የጠቆረውን ፊት ወደ መስኮቱ ማስጠጋትና ብርሃኑን በሱ ላይ መለካት።

ማክሰኞ፦ እንቅስቃሴ

ጥያቄ፦ ብዥታው ሆን ተብሎ ነው ወይስ አምልጦ?

ሦስት ፎቶ ነው። አንዱ ሯጭን አየር ላይ ቀጥ የሚያደርግ፣ በ1/1000 ሰከንድ አካባቢ። አንዱ ካሜራው ሳይነቃነቅ ሯጩ የሚፈስበት፣ በ1/15። አንዱ ካሜራውን ከሚሄደው ሰው ጋር እኩል እያዞሩ የሚነሳ፣ በ1/30 አካባቢ። ለመንደርደሪያ የፎቶ አንሺውን የማይብሪጅን ፈረስ አሳየኋቸው። እ.ኤ.አ. በ1878 በተርታ በተደረደሩ ካሜራዎች አንስቶ፣ ፈረስ ሲሮጥ አራቱም እግሮቹ ከመሬት የሚነሱበት ቅጽበት እንዳለ ያሳየው ማለት ነው። ዓይን ያላየውን ሹተር (የካሜራው መዝጊያ) አየው።

ሂሱ ወደ ምርመራ ተቀየረ። ብዥታን በሦስት ለየነው። ሁሉም ነገር ወደ አንድ አቅጣጫ ከተጎተተ እጅ ተንቀጥቅጧል። አንዱ ነገር ብቻ ተጎትቶ ዙሪያው ከጠራ ሰውየው ሮጧል። ምንም ያልተጎተተ ግን ከፊቱ ወይም ከኋላው ያለው የጠራ ከሆነ ፎከሱ ሌላ ቦታ አርፏል። አንድ ፎቶ ላይ ሦስቱም ነበሩበት። የክፍሉን ጭብጨባ አገኘ።

በእጅ ለሚያዝ ካሜራ የቆየች መመሪያ አለች፦ የሹተሩ ፍጥነት ከሌንሱ ርዝመት አይነስ። 50 ሚሊ ሜትር ከሆነ 1/50፣ 200 ከሆነ 1/200። ይህ ሰፊ ሴንሰር (ብርሃን ተቀባይ ገጽ) ላለው ካሜራ ነው፤ አንዳንድ ሌንሶችም መንቀጥቀጥን ራሳቸው ያረግባሉ። ቢሆንም መነሻ ትሆናለች።

ካሜራ እያዞሩ የሚነሳው ብዙ አላመጣም። አንዷ ብቻ የብስክሌተኛውን ፊት ጥርት አድርጋ፣ ጀርባውን በአግድም መስመር ሞልታ መጣች። ምስጢሯን ሲጠይቋት «ካነሳሁ በኋላም ማዞሬን አላቆምኩም» አለች። ይህን ሰሌዳው ላይ ጻፍኩት።

አርብ፦ የማታውቁት ሰው

ጥያቄ፦ ሰውየው ይህን ፎቶ ቢያይ ምን ይላል?

ሥራ ላይ ያለ የማያውቁትን ሰው አስፈቅዶ ማንሳት ነው። ከማንሳት በፊት መጠየቅ፣ ካነሱ በኋላ ማሳየት። ልጅ ከሆነ ከወላጅ ፈቃድ ውጪ አይነካም።

ያለ ስም ከተለጠፉት መካከል አግዳሚ ወንበር ላይ አፉን ከፍቶ የተኛ ሰው ፎቶ ነበር። ብርሃኑ ግሩም፣ ቅንብሩ ግሩም። ዘርዛሪው ዘርዝሮ ሲጨርስ ክፍሉ ፀጥ አለ። ከዚያ ፈነዳ። «ማን ፈቀደለት?» «ተኝቶ እንዴት ይጠየቃል?» «ጋዜጠኞች እንዲህ አይደል የሚያነሱት?» ሰሌዳው ላይ ያለውን ጥያቄ ደግሜ አነበብኩ። ማንም «ደስ ይለዋል» አላለም።

የአሜሪካዊቷን ፎቶ አንሺ የዶሮቲያ ላንግን ነገር ያነሳሁት እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1936 ካሊፎርኒያ ውስጥ አተር ለቀማ ከመጡ ሥራ ፈላጊዎች ሰፈር አንዲት እናት ከልጆቿ ጋር አነሳች፤ እየቀረበች እየቀረበች ጥቂት ፎቶ። የመጨረሻው በዓለም ከታወቁት ፎቶዎች አንዱ ሆነ። ላንግ ግን የሴትየዋን ስም አልጠየቀችም። ፍሎረንስ ኦወንስ ቶምፕሰን መሆኗ በአደባባይ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ሴትየዋም ከፎቶው ያገኘችው ነገር እንደሌለ ተናግራለች። አንዱ ልጅ «ግን ባይነሳስ?» አለ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ፎቶው ለዚያ ሰፈር ምግብ እንዲላክ ምክንያት ከሆኑት አንዱ ነበር። ክርክሩን አልዘጋሁትም።

እግረ መንገዳችንን ኤዲትንም ነካን። በዚያው ፎቶ ጥግ ላይ የድንኳኑን ምሰሶ የያዘ አውራ ጣት ነበር፤ ላንግ በኋላ ኔጋቲቩ ላይ አስጠፍታዋለች። ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። የእኛ ሕግ፦ ክሮፕ፣ ብርሃንና ቀለም ማስተካከል ይቻላል። የነበረን ነገር ማጥፋት አይቻልም።

የተኛው ሰውዬ ፎቶ ከግድግዳው ወረደ። ያነሳችው ልጅ ራሷ ናት ያወረደችው። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ የጫማ ሰፊ እጆች ይዛ መጣች፤ መርፌው ሶሉን በስቶ ሲወጣ፣ ክሩ እንደተወጠረ። «ፊቱን አልፈልግም አለኝ፤ እጄን ግን አንሺ አለኝ» አለች። ከዚያ ሁሉ ፎቶ ውስጥ ለትምህርት ቤቱ ኮሪደር የመረጥነው ይህንን ነው።

ሐሙስ፦ አምስት ፎቶና ውጤት

ጥያቄ፦ የቱ ቢወጣ ይጎድላል?

በአንድ ርዕስ አምስት ፎቶ በቅደም ተከተል። ሂሱ ግድግዳ ላይ መሆኑ ቀርቶ ጠረጴዛ ላይ ሆነ፤ ሰው ህትመቶቹን በእጁ እያገላበጠ፣ ቦታ እያለዋወጠ። አንዱን ያነሱታል፣ ያያሉ፣ ይመልሱታል። ከብዙዎቹ ላይ አንድ ፎቶ ሲወጣ ማንም ልብ አላለውም። ያ ፎቶ በአብዛኛው ባለቤቱ ከሁሉ አብልጦ የሚወደው ነው። ለብቻው ያምራላ! ከወንድሞቹ ጋር ግን አይነጋገርም።

የውጤቱ ድርሻ ከመቶ እንዲህ ነው፦ 30 ለቴክኒክ፣ 30 ለምርጫና ቅደም ተከተል፣ 20 በሌሎች ፎቶ ላይ ለተናገሩት፣ 20 ከሂስ በኋላ ደግመው ላነሱት። ለመናገር ነጥብ መስጠቴ ያስከፋቸው ነበሩ። አልቀየርኩትም። ያልተናገረ ደግሞ በጽሑፍ ማቅረብ ይችላል፤ ከጽሑፎቹ አንዳንዱ ክፍል ውስጥ ከተባለው ሁሉ የሰላ ነው።

ለቀጣዩ ዙር

ጥያቄውን ራሳቸው እንዲያወጡ ጠየቁኝ። እሺ አልኩ፤ በድምፅ ብልጫ። «ስንት ላይክ ያገኛል?» የሚለው በሳቅ ወደቀ። «ፎቶው ምን ይሸታል?» የሚለውን እኔ ወድጄው ነበር፤ አልፈለጉትም። ያሸነፈው «ከፍሬሙ ውጪ ምን አለ?» ነው።

አሳይመንቱን አሁን ለጥያቄው እየሰፋሁለት ነው። እስካሁን ያለው ረቂቅ፦ ሰው የተሰበሰበበት አንድ ዝግጅት ሄዳችሁ የተሰበሰቡበትን ነገር ሳታሳዩ አንሱ። መድረኩ፣ ኳሱ፣ ሙሽሮቹ ፍሬም ውስጥ አይግቡ። 24 ፎቶ፣ ማጥፋት የለም፣ ዙም የለም። የፈቃዱ ሕግ እንዳለ ነው። ሰኞ ይሰጣል።